ዐሥራ ስምንቱ ዘፈኖች

ቦኬሊ ሲዘፍን የማቶንጌ ሰፈር ውሻ ሁሉ መጮኹን ትቶ ያዳምጣል። ድምፁ በነፋስ ወንዙን ተሻግሮ ብራዛቪል ሲደርስ፣ እዚያ ያሉ መበለቶች ሐዘናቸውን ያቋርጣሉ ይባላል። ሁለቱማ በዚያው ሳምንት አግብተዋል።

ድምፁ ይሻገራል እንጂ ቦኬሊ ራሱ አይሻገርም።

በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በአንድ እጁ ቢራ በሌላው እስክሪብቶ ይዞ፣ በፓፓ ኢሌንጋ መኪና ኮፈን ላይ አንድ ውል ፈረመ። አላነበበውም። እንደዚያ የቀዘቀዘ ቢራ ይዞ ማን ያነባል? ውሉ «ቦኬሊ የደረሳቸውና ወደፊት የሚደርሳቸው ዘፈኖች ሁሉ የአሳታሚው የኢሌንጋ ናቸው፤ ያለ ኢሌንጋ ፈቃድ አይዘፍናቸውም» ይላል። እስከ መቼ? እስከ ዕለተ ሞት። የማን ሞት እንደሆነ አልተጻፈም።

ዐሥራ አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ጫማው የአዞ ቆዳ፣ ቀበቶው የዘንዶ ቆዳ ነው፤ እሱ ግን እንደ ታሰረ ፍየል ገመዱ እስከሚደርስበት ብቻ ነው የሚግጠው።

ታዲያ አንድ ቀን የብራዛቪል ትልቁ ዳንስ ቤት ጠራው። ዓመቱን ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣ ስም ያወጡለትን ዐሥራ ስምንት ዘፈኖች እንዲዘፍን። ወሩ ሳያልቅ ካልመጣ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ኢሌንጋ ደጅ ሄዶ ወደቀ።

«ፓፓ፣ አንድ ዓመት ብቻ።»

«ልጄ፣ ወንዝ ላይ ነፋስ አለ፤ ጉሮሮህን ይመታሃል» አለ ኢሌንጋ ጥርሱን እየጎረጎረ። «እዚሁ ሁን።»

በዚያው ሰሞን ማማ ካሎንዳ የምትባል ጠበቃ፣ በየረቡዑ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሙዚቀኞችን ስለ መብታቸው ማስተማር ጀመረች። በነፃ! ማቶንጌ ውስጥ በነፃ የሚገኘው የትንኝ ንክሻ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ጠረጠራት።

ቦኬሊ ጊታሪስቱን ንላንዱን አስከትሎ ሄደ። ንላንዱ በዓመት የሚናገረው፣ ቦኬሊ ጫማውን እያስጠረገ ከሚናገረው ያንሳል። ዜማ ሲመጣለት በጊታሩ ይለዋል፤ ግጥሙንም አፉ ውስጥ ያጉረመርመዋል፤ ቦኬሊ ተቀብሎ ይዘፍነዋል፤ ደራሲ ተብሎ የሚጻፈው ደግሞ የኦርኬስትራው ሊቀመንበር፣ ራሱ ቦኬሊ ነው። ልማዱ ነው። እናት ብትወልድም ልጅ የሚጠራው በአባቱ አይደል?

የጠበቃዋ ጥያቄ ቦኬሊን አላማረውም።

«ይኼን ዘፈን የት ሆነህ ሠራኸው? ማን ነበር አጠገብህ?» ትለዋለች፤ የሚመልሰውን ሁሉ ትጽፋለች።

በማግስቱ ኢሌንጋ ደወለ። «ትምህርት ቤት ገባህ አሉ! ጎበዝ። ማንበብ ላይ ደረሳችሁ?»

«ማን ነገረው?» አለ ቦኬሊ ስልኩን ዘግቶ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ማማ ካሎንዳ ከኢሌንጋ ቢሮ ስትወጣ በዓይኑ በብረቱ አያት።

«ሰላይ ናት» አለው ለንላንዱ።

«ይሆናል፣ ሊቀመንበር።»

«አንተ ደግሞ በየረቡዑ ቦርሳዋን ተሸክመህ ታክሲ ድረስ ትሸኛታለህ! ምን ትልሃለች?»

«አመሰግናለሁ ትለኛለች።»

«ቂል!» አለ ቦኬሊ።

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ጠበቃዋ ለብቻው አስጠራችው። ንላንዱ በሩ ጋ ቆመ።

«መውጫው አንድ በር ነው» አለችው። «ኢሌንጋ ቢሮ ሄጄ ያየሁት ውል የሚለው ‹ቦኬሊ የደረሳቸው› ነው። አንተ ካልደረስካቸው ኢሌንጋ የያዘው ባዶ ወረቀት ነው። ሰው የራሱ ያልሆነውን አይሸጥም።»

«እኔ ያልደረስኩት? ከተማው በሙሉ ሊስቅብኝ ነው እንዴ!»

«እንግዲያው ቁጭ በልና ወንዙን እያየህ አርጅ።»

ወጥመዱ ግራና ቀኝ ጥርስ ነበረው።

«ማን ደረሳቸው ልበል?»

«ማን ደረሳቸው?» አለች ማማ ካሎንዳ እስክሪብቶዋን አንስታ።

ቦኬሊ ዞር አለ። ንላንዱ በሩን ተደግፎ ጥፍሩን ያያል። ከዚህ የበለጠ የዋህ ሰው ማን ይገኛል? «እሱ ይሁን!»

«እውነት ካልሆነ አልጽፍም።»

ቦኬሊ አንዱን ዘፈን አሰበ፤ ሁለተኛውን አሰበ፤ ዐሥራ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ራሱ ገረመው። «ለካ እውነት ነው» አለ።

ወረቀቱ ሲዘጋጅ፣ አንዴ የተነከሰ ሰው ነውና፣ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከላይ እስከ ታች የኢሌንጋን ስም ፈለገ፤ አጣው። ደስ ብሎት ፈረመ።

ሦስቱም ኢሌንጋ ቢሮ ሄዱ። ኢሌንጋ አነበበ፤ ፊቱ እንደ እርጥብ ከሰል ጠቆረ። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ ጣራው እስኪርገበገብ ሳቀ። ውሉን ለሁለት ቀደደው።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለ፤ የሚያየው ግን ከቦኬሊ ትከሻ በላይ ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለ ቦኬሊ።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ጠዋት ነጭ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወደቡ ላይ ተገኘ። ወንዙ በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ጠቦ አያውቅም፤ ቢንደረደር በአንድ ዝላይ የሚሻገረው መሰለው። የዳንስ ቤቱ ወኪል ጀልባው መሰላል ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«የዘፈኖቹ ባለቤት የፈረመው ፈቃድ?»

«ምን ፈቃድ! የኢሌንጋ ውል ተቀዷል። ነፃ ሰው ነኝ!»

«የኢሌንጋን መች ጠየቅሁህ?»

ጀልባው ላይ፣ ጊታሩን ታቅፎ ከማማ ካሎንዳ ጎን የተቀመጠው ንላንዱ ቀና አለ። «ቦኬሊ» አለው፣ «ጠበቃዬን አነጋግራት።»