የአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ

ወርቂቱ የድንኳኑን ምሰሶ ከጋሪው ላይ ትጎትታለች። የእድሩ ዳኛ ጆቴ በሌላው ጫፍ ተጭኖ ይዞታል።

«ኣዴ ወርቂቱ፣ ሬሳ የለ፣ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ድንኳን ተክለን ማንን እናጽናና? ግድግዳውን?»

ክንዷ ዝሏል፤ ግን አትለቅም። ተከራይዋ ኮሊን የሞተው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። የእህቱ ልጅ መጥቶ ሬሳውን ትናንት ወደ እንግሊዝ ወሰደው። የጨለለቂ ሰፈር ሰው ሳያለቅስለት ሄደ።

«የእድሩ አባል ነበር። ያንተ አባት ሲሞቱ ይህን ምሰሶ ማን ተሸከመው?»

«እሱ። ደንቡን ግን እኔ አላወጣሁትም። ፍራሽ ላይ የሚቀመጥ ቤተሰብ ከሌለ ድንኳን አይተከልም።»

«በካርታ ሲሸነፍ የሳቅንበት ሁላችን እንቀመጥለት» ይላል ባለጋሪው እንድሪስ። «ወላሂ፣ እንደሱ ካርታ የማይሆንለት ሰው አይቼ አላውቅም!»

ጆቴ ሊስቅ ይልና ይተወዋል።

ካርታ አይሁንለት እንጂ ኮሊን በአገሩ ስሙ የሚጠራ ሰው ነበር። ከዳቦ ቤት በላይ በተከራያት ክፍል ከአንድ ጓደኛው ጋር ለሆስፒታሎች ሶፍትዌር መሥራት ጀመረ፤ እያደር ትልቅ ኩባንያ ሆነላቸው። ጓደኛው የሞተ ቀን ሠራተኛው ሁሉ የሐዘን ኢሜይል ጽፎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ይህን ለወርቂቱ ሲነግራት እንደ ቀልድ ነበር የጀመረው፤ አልጨረሰውም። ኩባንያውን ሸጦ ነቀምቴ መጣ፤ የክሊኒኮቹን ኮምፒውተር በነጻ እየሠራ ኖረ። የሰፈሩ ለቅሶ አንድም አምልጦት አያውቅም። የእድሩ አግዳሚ ወንበር ሲነሳ አንዱ ጫፍ የጆቴ፣ ሌላኛው የእሱ ነበር።

«እኔ እቀመጣለሁ» ትላለች ወርቂቱ።

ጆቴ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ባል የሞተባት ሴት ለፈረንጅ ተከራይ ፍራሽ አንጥፋ? ነገ ገበያ ላይ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ፣ ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ?»

«አውቃለሁ። ደክሞኛል ጆቴ። ይበሉ።»

ምሰሶውን ትለቃለች። ከኮሊን ክፍል ፍራሹን እየጎተተች አውጥታ በረንዳው ላይ ታነጥፋለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትቀመጣለች። እንድሪስ ጎንበስ ብሎ «አላህ ያጽናሽ እቴ» ይላታል።

ጆቴ ቆሞ ያያታል። ባርኔጣውን ያወልቃል። «ዋቃዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» ይላታል በቀስታ፣ እግዜር ያጽናሽ።

ከዚያ ወደ ጋሪው ይሄዳል። ረጅሙን አግዳሚ በአንድ በኩል ያነሳና፣ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሳያይ፣ ሌላኛው ጫፍ እስኪነሳለት ቆሞ ይጠብቃል።