«ሞተች»

እሑድ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ሰማይና ምድር ምስክር ይሁኑ፣ በእንግሊዝ አገር በሊንከንሻየሩ የተኳሾች ክበብ ሻይ ፈላ። አዛውንቱ ዊልፍሬድ ድርሻቸውን ጠጥተው፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃቸውን እንደ ወጉ ከመሃሉ ከፍተው ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ መተኮሻው ወጡ። ከፋሲካ ወዲህ ዓይናቸው የሚያሳያቸው ግራጫ ነገር ብቻ ነው። ወደ ሰማይ የሚወረወረውን የሸክላ ሳህን፣ የክበቡ ሰው ሁሉ «ወፏ» የሚላትን፣ መምታት አለመምታታቸውን የሚያውቁት በነጥብ ያዡ በክላይቭ ድምፅ ነበር፤ ሲመቱ «ሞተች» ይላል። «መሳት የጀመርኩ ቀን ጠመንጃዬን አስረክባለሁ» ብለው በሁሉም ፊት ምለዋል። ይኸው እስከ ዛሬ አንድም አልሳቱም።

ጠመንጃውን ገጥመው አነጣጠሩ። «ይለቀቅ!» አሉና ተኮሱ።

«ሞተች!» አለ ክላይቭ። «ብናኟ ሻዬ ውስጥ ገባ። ኧረ ሰውዬ፣ ለእኛም ያስተርፉልን እንጂ!» ሰዉ አጨበጨበ።

«ነፋሱ ከጎን ነበር» አሉ ዊልፍሬድ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ትንሽ ቀደም ብዬ ጠበቅኳት።»

ይኼኔ ዶሪን፣ ወርዋሪውን ማሽን ሳህን የምታጎርሰው ሴትዮ፣ ማሽኑ ካለበት ጉድጓድ ብቅ አለች። «ይቅርታ ሚስተር ዊልፍሬድ፣ ይታገሱኝ። ማሽኑ ባዶ ነው፤ ምንም አልወጣም።»

ዊልፍሬድ ጠመንጃውን ከፈቱ፤ ቀለሁ ዘሎ ሣሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ለክላይቭ ሊያስረክቡ ዘረጉ። ክላይቭ ግን ትንፍሽ ስላላለ፣ ወዴት እንደሚዘረጉት ጠፋቸው።