ሳቅ ሳይሰማ የማይነሳው ሰው

አባቴ ወድቆ አይነሳም።

አሥራ ሁለት የቆርቆሮ ሳህን እንደታቀፈ ከደረጃው አናት ተንከባሎ መጥቷል። የመጨረሻዋ ሳህን እንኳ ዞራ ዞራ ጸጥ ብላለች። እሱ ግን ወለሉ ላይ ተንጋሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ጣሪያውን እያየ ይጠብቃል። ማይክሮፎኑ ከላዩ ጅራቱን እንደተያዘ አይጥ ተንጠልጥሏል።

"ይብቃ" ይላል አዘጋጁ። "ጋሼ፣ ምነው? እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ?"

"ሳቁን እየጠበቅኩ ነው" ይላል አባቴ፣ ከተኛበት።

"የምን ሳቅ? ድምፅ የሚቀዳ ፊልም እኮ ነው። እዚህ አንድ ሰው ኪ ካለ ቀረጻው ተበላሸ ማለት ነው።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

ያውቃል። እያወቀ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

መድረክ ላይ "እንቅፋቱ" ይሉታል፤ ሠላሳ ዓመት ወድቆ የበላ ሰው ነው። መውደቅማ ማንም ይወድቃል፤ የሱ ጥበብ መነሳቱ ላይ ነው። አዳራሹ በሳቅ እስኪፈነዳ ይተኛል። ሳቁ ጫፍ ደርሶ ሊረግብ ሲል አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ያኔ ሰዉ እንደ አዲስ ይፈርሳል። ሳቅ ለሱ ለወፍጮ እንደሚለቀቅ ውሃ ነው። ውሃው ከሌለ ድንጋይ ነው።

አዘጋጁ ወደ እኔ ይመጣል። ሳህን ለቃሚዋ እኔ ነኝ። "አንቺ፣ አባትሽን አንድ ነገር በይልኝ። አሁን ካልሆነለት እሱን ነው የማስገባው" ይላል፣ በአገጩ ወደ አግዳሚው እያሳየ። አግዳሚው ላይ ተጠባባቂው ጎረምሳ ተቀምጧል፤ የአባቴን ካፖርት እስከ እራፊው አስመስሎ አሰፍቷል። ተነስቶ ይንጎራደዳል። ቀኝ እግሩን ግማሽ ክብ አዙሮ፣ ወለሉን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ አድርጎ ያሳርፋታል። የእንቅፋቱን አረማመድ እየተለማመደ ነው።

ደሜ ይፈላል። ያ አረማመድ የእንቅፋቱ አይደለም። የእናቴ ነው።

ቀኝ ዳሌዋ ሕመምተኛ ነበር። ስምንት ዓመቴ ላይ እሷና እኔ ፊተኛው ወንበር ተቀምጠን አባቴ በእሷ እግር እያነከሰ ወደ መድረኩ ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ዞር ስል እናቴ ጫማዋን እያየች ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእሱ አንድም ቀን ስቄ አላውቅም። እሷ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እግሯ ግን እስከ ዛሬ ሥራ አልፈታም። እኔንም ትምህርት ቤት እንደመላክ በአሥር ዓመቴ ሳህን አስለቀመኝ። ፊደል የለየሁት ከቲያትር ማስታወቂያ ላይ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል "ያስቃል" የሚል ነበር፤ ውሸት መሆኑን ማንም ሳያስተምረኝ ደረስኩበት።

ሳህኖቹን እየሰበሰብኩ አጠገቡ እንበረከካለሁ።

"አባዬ፣ አራት ቆጥረህ ተነሳ።"

"ሳቅ በቁጥር አይመጣም።"

"ያ ልጅ ቦታህን ሊወስድ ነው።"

"አየሁት። እግሩን አብዝቶ ነው የሚጥላት። የሰው ወርቅ አያደምቅም።"

"አንተስ የለበስከው የማንን ነው?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንቺ ሳቂልኝ" ይላል። "ከካሜራው ጎን ቁሚና፣ ድምፅ ሳታወጪ፣ በፊትሽ ብቻ።"

"አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለምን እንደማልስቅ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"የማውቀውን ምን ብዬ ልጠይቅሽ?"

ያውቅ ነበር። ባያውቅ ይሻለኝ ነበር።

"እንግዲያው የእሷን እግር ተው። በራስህ እግር ሂድ፤ ያኔ እስቃለሁ።"

"ሕዝቡ የሚያውቀኝ በሷ ነው።"

"ሕዝቡን ጥራውና እሱ ያስነሳህ" እለዋለሁ፤ ሳህኖቹን ደረቱ ላይ ቆልዬለት እሄዳለሁ።

ቀዩ መብራት ይበራል። ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ከካሜራው ጎን ክንዴን አጣምሬ፣ ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ።

አባቴ ከደረጃው አናት ብቅ ይላል። ይራመዳል። ያነክሳል።

ይሄ ሽማግሌ ቢሞትም አይሰማ። ጀርባዬን ልሰጠው ዞር ስል ግን አንድ ነገር ይይዘኛል። የሚያነክሰው በግራው ነው። እናቴ በቀኝ ነበረች። ግማሽ ክብ የለም፤ ይቅርታ የለም። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ እግሩ ዝም ብሎ ይጎተታል፤ ከሳህኖቹ ሥር ክርኑ ግድግዳውን ይፈልጋል። ሠላሳ ዓመት የወደቀው በዚያው ጎኑ ነው። ስንት ዓመት በእናቴ እግር ሸፍኖት እንደኖረ እንጃ። ሳህን ለቃሚዋ እኔ፣ ከጎኑ የማልጠፋው እኔ፣ አላየሁም።

ይወድቃል። ሳህኖቹ በየደረጃው ይጮኻሉ። የመጨረሻዋ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ጸጥ ትላለች።

አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። ሌላው ጣሪያውን አያይም፤ እኔን ይፈልጋል።

ንዴቴ አልወጣልኝም። አፌን ግን እከፍታለሁ። ጥርሴን እስከ መንጋጋዬ አሳየዋለሁ፤ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኔ ውሃ ይሞላል፤ ትንፍሽ አልልም።

አባቴ ትከሻዬ ሊረግብ እስኪል ይጠብቅና አንገቱን ቀና ያደርጋል።