በ07 የሚጀምር ቁጥር

የልጇ የፀደይ አዲስ ቁጥር በ07 እንደሚጀምር ሀይማኖት ልብ ያለችው ዘጠኝ ጊዜ ከደወለች በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ጎህ ሳይቀድ የተነሳችው ፀደይ እስከ ማምሻው እንጅባራ አልደረሰችም። የቤቱ ስልክ በ09 ለሚጀምረው ሁሉ ይጠራል፤ ለፀደይ ቁጥር ግን ጭጭ ነው። ለእናቲቱ ልጇ የተሳፈረችበት መኪና ገደል ገብቶ ታይቷታል። ጎረቤቷን ባለሱቁን ዓብዱልሀሚድን ጠራችው።

«ያንተም በ07 ነው አይደል? ስልክህን ይዘህ እዚህ ቁም።»

«ፊት ለፊት ቆመን ልናወራ ነው፣ እትዬ?»

ደወለች። መዳፉ ላይ ያለው ስልክ ድምፅ አላሰማም። ያን ጊዜ ትንፋሿ መለስ አለ። «የታመመው መስመሩ ነው። በል ባንተው ስልክ ደውልላት።»

ፀደይ ወዲያው አነሳች፤ እሱም ስልኩን ለእናቷ ሰጣት። «እማ፣ ቀርበናል፣ ጥሊሊ ደርሰናል። እኔም ስሞክር ነው የዋልኩት። መቼም ለቅሶ ተቀምጠሽ ይሆናል።»

«ዝም ብለሽ ነይ።»

ልጅቱ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ሀይማኖት በሩን ቆለፈች፤ መቀርቀሪያውንም ጨመረችበት።