የተሰብሳቢዎች ዝርዝር

ጸሐፊው አራቱን ርእሶች በየቦታቸው አስፍሯል፦ ተሰብሳቢዎች፣ አጀንዳ፣ ውይይት፣ ውሳኔ። የምስጢራዊ ስብሰባ ሪፖርት በኮምፒውተር አይጻፍም፤ በብዕር፣ በአንድ ቅጂ ብቻ ነው። ውሳኔውን አስቀድሞ ጻፈው፤ የመዝገብ ቤቱ ሹም ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ይሰናበታል። ያስቸገረው ውይይቱ ነበር። ስድስቱ አለቆች ጠረጴዛውን እያዩ ዝም አሉ እንጂ አልተወያዩም፤ ዝምታ ደግሞ በምን ዐረፍተ ነገር ይገለጻል?

በሩ ተንኳኳና የመዝገብ ቤቱ ሹም አንገቱን አስግጎ ብቅ አለ። ጸሐፊው ሳያስበው ጽሑፉን በመዳፉ ከደነው።

«አያ ምስጢር! ዛሬም ምሳዬን ከግድግዳ ጋር ልብላ?»

«ሥራ ይዞኝ ነው፤ አንተ ቅደም።»

«ሸፍነው፣ ሸፍነው! ነገ ታሽጎ እኔው ዘንድ ይመጣ የለ? ቁጥር ሰጥቼ የምቆልፍበት እኔ፣ የማላነበውም እኔ!» ሳቀ። «ወንበር ይዤልሃለሁ፤ ምግቡ እስኪበርድ አታቆየኝ።»

ሊጠራው አስቦ ተወው፤ ኮቴው በኮሪደሩ ራቀ። መዳፉን ሲያነሣ ያልደረቀው ቀለም የወዳጁን የሥራ መጠሪያ ገልብጦ አትሞበት ነበር። በመሐረብ ቢፈትገው ደበዘዘ እንጂ አልለቀቀም። ከዚያም «ውይይት» ከሚለው ሥር፣ «ከተሰብሳቢዎቹ አንድም የተቃወመ የለም» ብሎ ጻፈ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ራሱን ከተሰብሳቢ አይቆጥርም፤ ደንቡ እንዲያ ነበር። እርሱ ግን ወደ መጀመሪያው ርእስ ተመለሰና፣ ከስድስቱ ስሞች በታች፣ ሰባተኛ አድርጎ የራሱን ስም ጨመረ።