ከማሽላው አጥር ስር

የአቶ ጉልላት ግራ እግር ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጫማ አልገባም ማለቱን ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ የምናስታውቀው በታላቅ አክብሮት ነው። እግሩ አብጧል፤ ከእብጠቱም ጥቁር አዝሙድ የመሰለ ፍሬ ይወጣል።

የጤና ጣቢያው መሣሪያ ከቆዳው ሥር ቁራጭ ወስዶ ለመመርመር ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። ፈንገስ ነው፤ አጥንት አልነካም፤ የአንድ ዓመት ኪኒን ያድነዋል። በአዲሱ ደንብ ግን ፈንገሱ የመጣበት አፈር ተለይቶ፣ በሽተኛው እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር ካልተናገረ መሣሪያው ኪኒን አይለቅም።

«አፈሩ ተገኝቷል» አለች ሲስተር ፍሬሰላም። «የአቶ ሸዋረጋ ማሳ፣ ከማሽላው አጥር ስር። እሾህ ወግቶዎት ነበር አባባ?»

የአቶ ጉልላት ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት ከወንበራቸው ተነሡ።

«የወንድምህ ማሳ? አሥር ዓመት የተኳረፍከው ወንድምህ? እኔ ላንተ ብዬ ከልጁ ሰርግ የቀረሁበት? ሚስቱን ገበያ ባየኋት ቁጥር መንገድ የምሻገርባት?»

«እሾህ ነው የወጋኝ» አሉ አቶ ጉልላት።

«እሾሁ ቤታችን መጥቶ ነው የወጋህ? አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«አባባ፣ ‘ላግዘው ሄጄ’ ይበሉኝ፤ ይበቃል» ብላ ለመነቻቸው ሲስተር። «ከቆየ እግርዎ ይቆረጣል።»

«ተናገር እንጂ!» ጮኹ ወይዘሮ የሺመቤት። «ታርቀሃል ወይስ አልታረቅህም?»

አቶ ጉልላት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ቁረጡት። አልናገርም።»