በሬዲዮ የተጠራው ስም

"አንተ ሽማግሌ፣ በሩን ክፈት! ዛሬ ሳልጨርሰው አልሄድም!"

ገጀራው የጤና ጣቢያውን በር ሲመታው እንጨቱ ተሰነጠቀ...

ነርስ ፀደንያ ዞራ እንኳ አላየችም። ሁለት እጇ የግዛቸው ትከሻ ላይ ነበር... ደሙ በጣቶቿ መሃል ይፈልቃል።

ጊዜው 1996 ዓ.ም. ነው። ቦታው ከቦንጋ ርቃ፣ በሺሺንዳና በዋጫ መሃል ያለች ትንሽ ቀበሌ።

ግዛቸውና ጎረቤቱ ጫካ ውስጥ በተሰቀለ የማር ቀፎ ተጣሉ። ቃል ቃልን ወለደ... ጎረቤቱ ገጀራ መዝዞ ትከሻውን እስከ አጥንቱ ከፈተው።

ሰዎች ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ሰውየው ግን ሊጨርሰው ተከትሎ መጣ። ገጀራውን ሲያዩ የተሸከሙት ሁሉ ተበታተኑ።

ውስጥ የቀሩት ቁስለኛው፣ ከደሴ ተመድባ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ የሆነው ፀደንያ እና ዘበኛው ጋሽ ባፈና ብቻ ናቸው።

"ጋሽ ባፈና፣ ስልክ!"

"ስልኩ ከሞተ አራት ቀኑ ነው ልጄ..."

ዝናቡ ዛፍ ጥሎ መብራቱንም ስልኩንም በጥሶታል።

ሽማግሌው ጥግ ላይ ወዳለችው የመገናኛ ሬዲዮ ሮጡ።

ሬዲዮዋን ያስገዟት እሳቸው ናቸው። በቀድሞው ጦር የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። የጤና ጣቢያው ኮሚቴ "ቴሌቪዥን ይሻላል፣ ስልክ እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል?" ብሎ ሲስቅባቸው...

"ሽቦ ይበጠሳል፣ መብራትም ይሄዳል። ይቺ ግን የመኪና ባትሪ ካላት ትጣራለች!" ብለው ድርቅ አሉ።

"ቦንጋ... ቦንጋ... ይሰማል?"

"ይሰማል፣ ቀጥል።"

"በገጀራ የተመታ ሰው አለን፣ ደሙ አልቆም አለ። መቺው በር እየሰበረ ነው!"

"አምቡላንስ ከዚህ ይወጣል። ፖሊስ ከሺሺንዳ ይደርስላችኋል። እንዳያመልጥ የሰውየውን ሙሉ ስም ስጠኝ።"

ጋሽ ባፈና ወደ በሩ ዞረው አዩ...

ከበሩ አንድ ጣውላ ተገንጥሎ ወደቀ።

"ይንገሩት እንጂ!" ፀደንያ ጮኸች።

"ቢሻው።"

"ቢሻው ማን?"

"ቢሻው... ባፈና።"

ፀደንያ ቀና ብላ አየቻቸው...



"አባቱ... እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። ቶሎ ድረሱ።"

ሬዲዮዋን ትተው በሩ ላይ ቆሙ።

ቢሻው በሩን ገንጥሎ ገባ። ገጀራውን ሲሰነዝር አባቱ በባዶ እጃቸው ያዙት... ሁለት ጣታቸው ወለሉ ላይ ወደቀ።

አለቀቁም!

ገጀራውን አስለቅቀው፣ ልጃቸውን መሬት ላይ ጥለው በላዩ ተኙበት። በቡጢ ፊታቸውን አፈረሰው፣ ጥርሳቸውን አወለቀው... ፖሊስ ደርሶ እስኪያላቅቃቸው ድረስ እንደተጣበቁበት ነበሩ።

ግዛቸው ቦንጋ ሆስፒታል ደርሶ ተረፈ።

ቢሻው ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት።

ጋሽ ባፈና በየሳምንቱ ስንቅ ቋጥረው ቦንጋ ማረሚያ ቤት ይሄዱ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ልጃቸው "አላየውም" እያለ መለሳቸው... እሳቸው ግን ስንቁን ለጠባቂው ሰጥተው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ፀደንያ አልቻለችም፣ ጠየቀቻቸው።

"የልጅዎን ስም ሲጠሩ አልከበደዎትም?"

"እንዴት አይከብደኝ? ግን ግዛቸው ቢሞት ልጄ ዕድሜ ልኩን ነፍሰ ገዳይ ነው። እኔ ያተረፍኩት ሁለት ሰው ነው።"

ወዳጆቼ... ልጅን መውደድ ማለት ጥፋቱን መሸፈን አይደለም። አንዳንዴ ልጅህን የምታድነው አሳልፈህ ስትሰጠው ነው።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ በጋሽ ባፈና ቦታ ብትሆኑ ያንን ስም ትጠሩት ነበር ወይስ "አላውቀውም" ትሉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።